«እርዳታ ፈልጉ» ካላችሁ አድራሻውንም ፃፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ከማጠፍ ውጪ ምንም ብዬ አላውቅም፣ አሁን ግን ስለ መጠጥ ሱስ ያወጣችሁት ፅሁፍ ብዕር አስነሳኝ። ፅሁፉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጉበት ምን እንደሚሆን፣ ትዳር እንዴት እንደሚፈርስ፣ ሰው ስራውን እንዴት እንደሚያጣ አንድም አልቀራችሁም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። «ችግሩ ያለባቸው ሰዎች የድጋፍ ቡድኖችን ቢቀላቀሉ ይመከራል» ይላል፣ ከዛ ነጥብ፣ አለቀ። የት ነው ያለው ቡድኑ? በየትኛው ቀን? በስንት ሰዓት? ማን ነው የሚገኘው እዛ? ያንን ፅሁፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ጠጪ እኮ ሊያቆም ፈልጎ ነው ያነበበው፣ ሌላውማ ርዕሱን አይቶ ነው ገፁን የሚገለብጠው።

እኔ ራሴ ጠጪ ነበርኩ። አሁን አልጠጣም፣ በየሳምንቱ ስብሰባ እሄዳለሁ፣ በቡድናችን ውስጥ ደግሞ ተራ ሲደርሰኝ ስልክ አነሳለሁ። የምፅፍላችሁም በዚህ ስልክ ምክንያት ነው። የሚደውል ሰው ስለ ጉበት ጠይቆኝ አያውቅም፣ ጉበቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ አንዳንዱ «ይቅርታ ተሳስቼ ነው» ብሎ ይዘጋና ትንሽ ቆይቶ ከዛው ቁጥር ይደውላል፣ እኔም እንዳላወቀ ሆኜ «ሄሎ» እላለሁ። ከዛ ጥያቄው ይመጣል። ሙሉ ስሜን እናገራለሁ ወይ? የማውቀው ሰው እዛ ቢኖርስ? ትንሽ ቀምሼ ብመጣ ታስወጡኛላችሁ? ክፍያው ስንት ነው? ብዙዎቹ ደግሞ የሚጠይቁት ምን መሰላችሁ፣ በየትኛው በር ነው የሚገባው?

ይሄ የበር ጥያቄ ለእናንተ ቀላል ሊመስል ይችላል። ግን አስቡት፣ አንድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሞ፣ ደፍሮ፣ ተላጭቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ህንፃው ጋ ይደርሳል፣ ህንፃው ሶስት በር አለው፣ ምልክት የለም፣ ጥበቃውን «የጠጪዎች ስብሰባ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይታሰብም። አንዴ ይዞራል፣ ሁለቴ ይዞራል፣ ሰው ያየው ይመስለዋል፣ በቃ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራ መስሎ መንገዱን ይቀጥላል። ስንቱ እንደዚህ ሆኖ እንደተመለሰ ኋላ ላይ ሲመጡ ነው የሚነግሩን፣ ያልመጡትን ደግሞ ማን ያውቃል። ስለዚህ «በጀርባ በኩል፣ ደረጃውን ወርዶ፣ የመጀመሪያው በር» የምትል አንድ መስመር ከገፅ ሙሉ የባለሙያ ትንታኔ በላይ ሰው ታድናለች ብዬ ነው የማምነው፣ ማጋነን ከመሰላችሁ እናንተም አንድ ማታ መጥታችሁ ስልኩን አንሱልን።

የጋዜጣ ስራ ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ ታሪኩን ላስታውሳችሁ (አመተ ምህረቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምፅፈው)። በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለስራ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ከተማ ሄዶ ስራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፣ በአንድ በኩል ባሩ ሞቅ ብሏል፣ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ያን ጊዜ ያስፈለገው መካሪም ሀኪምም አልነበረም፣ እንደሱ ያለ ሌላ ጠጪ ነበር የፈለገው፣ ምክንያቱም ሌላ ጠጪን ሲያናግር የራሱ አምሮት እንደሚተወው አይቷል። ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም መርጦ ደወለ፣ ያ ሰው ወደ ሌላ መራው፣ ሌላው ወደ ሌላ፣ በመጨረሻ አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል መጠጥ ካሸነፈው ቀዶ ሀኪም ጋር አገናኘችው። ዶክተሩ አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ነው የመጣው፣ ሲያወሩ ግን ሰአታት ሄደ። ከዛ በኋላም አንዴ ወድቋል፣ ሰኔ 10 ቀን 1935 የመጨረሻዋን ጠጣ፣ ያቺ ቀን የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ የኤኤ፣ እኔም የምሄድበት ጠጪዎች እርስ በርስ እየተደጋገፉ መጠጥ የሚተዉበት ማህበር፣ ልደት ሆና ትቆጠራለች። «ብወድቅስ?» ለሚለኝ ደዋይ ይሄን ነው የምነግረው፣ ከሁለቱ መስራቾች አንዱ እንኳን ወድቋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዝርዝርና በአንድ ስልክ ነው። ዝርዝሩ ባይኖርስ ኖሮ? በሌላኛው በኩል ያለው ባር ነው።

ከዛ በኋላ ደግሞ የእናንተ ሙያ መጣ። በ1939 የክሊቭላንዱ ፕሌን ዲለር ጋዜጣ ስለነሱ ተከታታይ ፅሁፍ አወጣ፣ ስልኩ መቆሚያ አጣ፣ የከተማው ጥቂት አባላት በወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፣ እነሱ ራሳቸው ገና አንድ ሁለት ወር የሆናቸው ሰዎች ዛሬ የመጣውን ይቀበሉ ጀመር። መጋቢት 1941 ላይ ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው መፅሄት ሰፋ ያለ ፅሁፍ ሲያወጣ ወደ 2,000 ገደማ የነበረው አባል አመቱ ሳያልቅ 8,000 ገደማ ደረሰ። ደብዳቤ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው፣ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ መልስ ሰጡ፣ «በእናንተ አካባቢ እከሌ አለ፣ ፃፍለት» እያሉ። ዛሬ ወደ 180 በሚሆኑ አገሮች ከ120,000 በላይ ቡድን አለ ይባላል። ጋዜጠኞቹ ሱስ መጥፎ ነው ብለው ብቻ ቢያቆሙ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር፣ ለጠየቀው ሰው እዚህ ሂድ፣ ለዚህ ሰው ፃፍ የሚል መልስ ስለተሰጠው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፣ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሳጥን ስጡን። ከስፖርት ውጤት ማስታወቂያ የማትበልጥ። ግን ዝም ብሎ ስምና ሰዓት ብቻ ከሆነ እሷም አትጠቅምም፣ ምን መያዝ እንዳለባት ደግሞ ከስልኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስብሰባው ክፍት ነው ዝግ የሚለው ይፃፍ። ክፍት ከሆነ ማንም ይገባል፣ ሚስትም፣ ወንድምም፣ ተማሪም፣ የእናንተ ጋዜጠኛም። ዝግ ከሆነ ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ወንድሙን እየጎተተ ዝግ ስብሰባ ይመጣል፣ እሱ ውጪ ቆይ ሲባል ወንድምየው ብቻውን ለመግባት ድፍረት ያጣና ሁለቱም ይሄዳሉ። ቀጥሎ አይነቱ፣ አንድ ሰው ታሪኩን የሚናገርበት አለ፣ ሁሉም በየተራ የሚያወራበት አለ፣ አስራ ሁለቱን ደረጃዎች፣ ማለትም ኤኤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተላቸውን እርምጃዎች፣ እያነበቡ የሚወያዩበት አለ፣ ለጀማሪ የሚሆንም አለ። የሴቶች ብቻ ካለ ይጠቀስ፣ ወንድ ፊት ፈፅሞ የማይወራ ነገር ያላት ሴት ብዙ ናት። በምን ቋንቋ እንደሚካሄድም ይፃፍ። በዙም ከሆነ ሊንኩ ብቻ አይበቃም፣ ሰዓቱ በየት አገር አቆጣጠር እንደሆነም ይታወቅ፣ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ስብሰባ የጠዋት መስሎት ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ዝርዝሩ መቼ እንደተጣራ ቀኑ ይፃፍበት። ይሄን ስል ምክንያት አለኝ። አሁን አብሮን ያለ አንድ ሰው መጀመሪያ ያገኘው አድራሻ ኢንተርኔት ላይ የቆየ ነበር፣ ቡድኑ ከዛ ቦታ ከለቀቀ ቆይቷል። ሄዶ በሩ ላይ ቁልፍ ነው ያገኘው። «ምልክት ነው አልኩ፣ ለእኔ አልተፃፈም ማለት ነው ብዬ ቀጥታ መጠጥ ቤት ገባሁ» ይላል አሁን እየሳቀ፣ ያኔ ግን አልሳቀም፣ ወደ እኛ ለመምጣት ብዙ ወራት ፈጅቶበታል። ጠጪ ምክንያት ይፈልጋል፣ የተቆለፈ በር ደግሞ ከምክንያትም በላይ ነው። የተሳሳተ ዝርዝር ከምታወጡ ባታወጡ ይሻላል።

ስለ ፍርሃቱም በሁለት መስመር ብታብራሩ ጥሩ ነው። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። ዘንቢል ወይ ኮፍያ ይዞራል፣ ያለው ለክፍሉ ኪራይና ለሻይ የሆነ ነገር ይጥላል፣ አዲስ የመጣ ሰው እንዳይጥል እንዲያውም እንነግረዋለን። ኤኤ ከውጭ እርዳታ አይቀበልም፣ ከመንግስትም ከሀብታምም፣ ህጋቸው ነው። የመጀመሪያ ስምህን ትላለህ፣ ካልፈለግክ እሱንም አትልም። ተራ ሲደርስህ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ካልክ ማንም አይጫንህም፣ ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግ፣ ማቆም እንኳን አይደለም፣ መፈለግ። ቀምሶ የመጣ ሰው ሰው እስካልረበሸ ድረስ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ስብሰባው ሲያልቅ አንዱ ሻይ ይዞለት አጠገቡ ይቀመጣል። የሚያውቁት ሰው ካገኙ ደግሞ፣ እኔ ሁሌም የምለው፣ እሱስ እዛ ምን እየሰራ ነው?

ስለ እምነት የሚጠይቁም አሉ። ደረጃዎቹ ውስጥ ፈጣሪ ይጠቀሳል፣ «እኛ እንደተረዳነው» የሚል አብሮት አለ፣ እኛ ጋ አጥባቂም አለ፣ ምንም የማያምንም አለ፣ አንዱ ሌላውን ለመቀየር አይሞክርም (ወይም ሲሞክር ሰብሳቢው ያስቆመዋል፣ እውነቱን ለመናገር)። ይሄ ፈፅሞ የማይዋጥለት ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ አለው። ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው ከ1994 ጀምሮ ያለ፣ ስለ ሃሳብና ባህርይ ከሚያጠናው የስነልቦና ህክምና የተወሰዱ ዘዴዎችን የሚጠቀም፣ ስለ ፈጣሪ የማያነሳ ነው። ዊሜን ፎር ሶብራይቲ ከ1975 ጀምሮ ለሴቶች የተቋቋመ ነው። ላይፍሪንግም አለ። ሁሉም በየቦታው በአካል አይገኙም፣ ኦንላይን ግን አሉ። የኤኤ አባል ሆኜ ይሄን መፃፌን የማይወዱ ጓደኞች ይኖሩኛል፣ ይሁን፣ ለእኔ ሰውየው አለመጠጣቱ ነው የሚያሳስበኝ፣ በየት በኩል ገባ የሚለው አይደለም። ለቤተሰብ ደግሞ አል አኖን አለ፣ ከ1951 ጀምሮ፣ ጠጪው ማቆም ባይፈልግ እንኳን እናትና ሚስት ራሳቸው የሚሄዱበት። ከደዋዮቻችን ብዙዎቹ እናቶችና ሚስቶች ናቸው፣ «ልጄን እንዴት ላምጣው» ነው ጥያቄያቸው፣ እሱን ማምጣት አይቻልም፣ እሳቸው ግን መሄድ ይችላሉ፣ ይሄን ስነግራቸው ስልኩ ላይ የሚመጣው ዝምታ ሌላ ነው።

አሁን አንድ ነገር በጣም አደራ የምላችሁ፣ ከሳጥኑ ስር በደማቁ ይፃፍ። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ብድግ ብሎ በአንዴ ማቆም ሊገድለው ይችላል። ጀግንነት አይደለም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰአት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥለው አለ፣ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሊመጣ ይችላል፣ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ያኔ ቤት ውስጥ አስተኝቶ ውሃ ማጠጣት ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል ነው። ቀድሞ ሀኪም ያየው ሰው መድሃኒት ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፣ ያልፋል። ስልክ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀውም ይሄንኑ ነው፣ መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው፣ ከዚህ በፊት ስታቆም ምን ሆነህ ታውቃለህ? መልሱ ካስፈራኝ ስብሰባውን ተወውና መጀመሪያ ሀኪም ጋ ሂድ እለዋለሁ። ቡድን ሆስፒታል አይደለም። አምሮት የሚቀንሱ መድሃኒቶችም አሉ፣ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት፣ በሀኪም የሚታዘዙ፣ ስብሰባ ላይ አንዳንድ ሰው «ኪኒን ከወሰድክ አላቆምክም» ሲል ትሰማላችሁ፣ አትስሙት፣ አባል የሀኪምን ስራ አይስራ የሚለው የኤኤ የራሱ ምክር ነው።

ይሰራል ወይ ለሚል አንባቢያችሁ ደግሞ፣ በ2020 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 27 ጥናቶች አይቶ ነበር። በስርአት ወደ ኤኤ እንዲገቡ ከታገዙት መካከል 42 በመቶው አመት ላይ ምንም ሳይጠጡ ነው የተገኙት፣ ሌላ የታወቀ የስነልቦና ህክምና ካገኙት ደግሞ 35 በመቶው። ተአምር አይደለም። ግማሽ እንኳን አልሞላም። ግን በነፃ ነው፣ ማታ ማታ አለ፣ እሁድም አለ፣ ቀጠሮ አያስፈልገውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዳንድ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰውየው ብቻውን «ሂድ» ከሚባል በእጁ ተይዞ ከአባል ጋር ሲገናኝ ይሻላል። ወደ ሳጥኗ ተመለስኩ ማለት ነው።

ዝርዝሩን ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ ኤኤ በየአገሩ ቢሮ ወይ ዌብሳይት አለው፣ ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነፃ አፕም አለ፣ ያለህበትን አይቶ ቅርብ ያለውን ያወጣልሃል፣ ብቻ ሁሉም ቡድን እዛ ላይ አልተመዘገበም። የአእምሮ ህክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ነርሶች ብዙ ጊዜ ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ጠይቋቸው። ቅርብ ምንም የሌለበት አካባቢ ካለ ደግሞ ኦንላይን ይግባ፣ እሱም ካልሆነ፣ ሁለት ወይ ሶስት ሰው ላለመጠጣት ብሎ ከተገናኘ ራሱን ቡድን ማለት ይችላል፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። አክሮን ላይም ሁለት ነበሩ።

ጋዜጠኛ ብትልኩ ክፍት ስብሰባ ላይ ደስ ይለናል፣ ካሜራ ግን ውጪ ይቅር፣ ስምም አይወጣም፣ በጋዜጣና በሬዲዮ ማንነታችንን አለማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው፣ ሰው ሁለተኛ እግሩን አያነሳም አለበለዚያ። ደግሞ እባካችሁ፣ ያን ፅሁፍ ስታወጡ ከጎኑ ያደረጋችሁት ፎቶ፣ ላብ ያወጣው ቀዝቃዛ ብርጭቆ፣ አረፋው ከላይ፣ ማን መረጠው? እኔ ከፅሁፉ ቀድሞ እሱን ነው ያየሁት፣ ምራቄን ዋጥኩ። ባዶ ወንበር አድርጉበት፣ ወይ የበሩን ፎቶ።

ሳጥኗን ከፈቀዳችሁልን በየሳምንቱ ማተሚያ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ስብሰባ ደውዬ አጣርቼ እልክላችኋለሁ፣ የተዘጋውን አወጣለሁ፣ የተቀየረውን አስተካክላለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም። ስልኬን ከዚህ ጋር በተለየ ወረቀት ፅፌዋለሁ፣ እሱን እንዳታትሙት፣ የምትታተመው የቡድኑ ቁጥር ብቻ ትሁን፣ እሷን ሁሌም ተረኛ ያነሳታል። ቀን ስራ ላይ ስለሆንኩ ለእኔ ማታ ነው መደወል የሚሻለው።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ እንዳይወጣ የምፈልግ አንባቢያችሁ